ሰው የሌለው ሕፃን፦ ምጽዋት፣ የጤና መድኅንና የማኅበረሰብ ዕዳ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾምን አራተኛ ሰንበት መጻጕዕ ብላ ሰይማ፣ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት በደዌ የኖረውን ሰው ታስባለች። በዮሐንስ ወንጌል አምስተኛ ምዕራፍ የተጻፈው ይህ ታሪክ አብዝቶ የሚሰበከው ስለ ፈውሱ ቢሆንም፣ ሕመምተኛው ከመፈወሱ በፊት ያሰማው አቤቱታ ለብቻው ሊመረመር ይገባዋል፤ ውሃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው የለውም፣ እሱ እስኪደርስም ሌላው ይቀድመዋል። ፈዋሹ ውሃ አለ፣ ስፍራው ይታወቃል፣ ዋጋም አይጠየቅበትም፤ ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ቀድሞ ለደረሰ የተሠራ በመሆኑ፣ ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው ሰው በዚያው ጉዳቱ ምክንያት ከሁሉ የመጨረሻው ይሆናል። ዛሬ የጤና ወጪ አሸፋፈን የሚባለው ጉዳይ፣ ማለትም የሕክምናን ወጪ ማን፣ በምን መልክና ለማን እንደሚከፍል የሚወስነው አሠራር፣ በታመሙ ሕፃናት ረገድ የሚያስነሣው የሥነ ምግባር ጥያቄ በመሠረቱ ከዚህ አቤቱታ የራቀ አይደለም።

ጥያቄው በጣም የሚከብደው ልዩ የጤና ፍላጎት ያላቸው በሚባሉት ሕፃናት ላይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ በተለመደው ፍቺ መሠረት፣ ይህ ስያሜ በአካል፣ በዕድገት፣ በጠባይ ወይም በስሜት ረገድ ሥር የሰደደ ችግር ያለባቸውን ወይም ለዚያ የተጋለጡትን፣ በዚህም የተነሣ ከእኩዮቻቸው የበለጠ የጤና አገልግሎት የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት ሁሉ ያጠቃልላል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንደሮች እነዚህ ልጆች የጋራ ስም የላቸውም፤ እግሩ ቆልማማ ሆኖ የተወለደው፣ ከንፈሩ ወይም ላንቃው የተሰነጠቀው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ጭንቅላቱ ውሃ እየቋጠረ የሚያድግበት፣ የጉሮሮ ሕመም መዘዝ ልቡን የጎዳው፣ መስማት የተሳነው፣ አእምሮው በዕድሜው ልክ ያልዳበረው፣ እያንዳንዱ በየደዌው ይታወቃል። አንድ የሚያደርጋቸው ሕክምናቸው በአንድ ጉዞ የማያልቅ መሆኑ ነው።

ጉዞው ደግሞ በዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ በሚወርደው በዚህ ሰፊ ምድር፣ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው፣ ሰዉ ዛሬም የቻይና መንገድ በሚለው አውራ ጎዳና ላይ ስትገኝ፣ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከዋናው ጎዳና ገባ ብለው የተቀመጡ ናቸው፤ ከእነዚህ ከተሞች ቁልቁል ያለው የቆላ ቀበሌ ነዋሪ መኪና እስኪያገኝ ድረስ በእግሩ ወይም በበቅሎ ገደል መውጣት አለበት። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ድርቅ የሚመላለስባቸው፣ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብርም የሚሠራባቸው ወረዳዎች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ በዘለቀ ጊዜ የደረሰው ጉዳት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ የቀጠለው ግጭት በዚህ ላይ ተደርቧል።

ቆልማማ እግር የሚታከምበትን መንገድ ቀረብ ብሎ ማየት የወጪውን ምንነት ግልጽ ያደርጋል። ፖንሴቲ በተባለው ሐኪም ስም በሚጠራው ዘዴ፣ ባለሙያው የሕፃኑን እግር በእጁ ቀስ እያለ ካቃና በኋላ ከጣቶቹ እስከ ጭኑ በጀሶ ይጠቀልለዋል፤ በሳምንቱ ጀሶውን ፈትቶ እግሩን ጥቂት ጨምሮ ያቃናና እንደገና ይጠቀልላል፤ ይህ አምስት ስድስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይላቀቃል፤ ከዚያም ሕፃኑ በዘንግ የተያያዘ ልዩ ጫማ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቀንም ሌሊትም፣ ቀጥሎም እስከ አራት ዓመቱ ገደማ በእንቅልፉ ሰዓት ያደርጋል። ዕቃው ውድ አይደለም፤ በኢትዮጵያም በብዙ ስፍራ በበጎ አድራጎት ድርጅቶች እገዛ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሆኖም አገልግሎቱ የሚገኘው ባሕር ዳር ከሆነ፣ ከስማዳ ቆላ የምትነሣ እናት በየሳምንቱ ስትመላለስ ወይም ከተማ ላይ ማደሪያ ተከራይታ ስትሰነብት የሚወጣው ገንዘብ፣ እሷ በሌለችበት የሚታጣው የአረም ወቅት ጉልበት፣ ለጎረቤት አደራ የሚሰጡት ሌሎች ልጆች፣ በክረምት ወንዝ ሲሻገሩ ጀሶው ርሶ አንድ ሳምንት በከንቱ መቅረቱ፣ እነዚህ ሁሉ በየትኛውም የሆስፒታል ደረሰኝ ላይ አይጻፉም። ሕክምናው ነፃ ነው ሲባል ነፃ የሆነው በሐኪሙ እጅ ያለው ክፍል ብቻ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ቤተሰብ ቅርብ የሆነው የመንግሥት አሠራር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈርና ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር ፎገራ ነበሩ፤ ቆይቶም ወደ ሌሎቹ የዞኑ ወረዳዎች ተስፋፋ። በአሠራሩ መሠረት አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ አባወራው ወይም እማወራዋ ምርት ከገባ በኋላ የዓመቱን መዋጮ ይከፍላሉ፣ በየዓመቱም ያሳድሳሉ፤ መክፈል እንደማይችሉ በቀበሌው የተመሰከረላቸውን የድሃ ድሃ ቤተሰቦች መዋጮ ክልሉና ወረዳው ይሸፍናሉ። አባሉ በጤና ጣቢያ ይታከማል፣ ከዚያ በላይ ሲያስፈልግም ሪፈር አጽፎ መድኅኑ ውል ወደያዘበት ሆስፒታል ይሄዳል። ከዚህ በተጓዳኝ፣ በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ እንደ ክትባት፣ ወሊድና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ያሉትን ማንም ሰው ሳይከፍል የሚያገኛቸው አገልግሎቶች ብሎ ለይቷል።

ከዚህ ላይ አንድ የአመክንዮ ችግር ይነሣል። መድኅን የሚቆመው ባልታወቀ ነገር ላይ ነው፤ ዘንድሮ ማን እንደሚታመም ማንም ስለማያውቅ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፣ የታመመውም ካልታመሙት መዋጮ ይታከማል፣ ዛሬ የሰጠው ነገ ይቀበላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በየወሩ የሚያስፈልገው ሕፃን ግን በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም፤ የእሱ ፍላጎት አስቀድሞ የታወቀ፣ የማይቀርና ዕድሜ ልኩን የሚዘልቅ ነውና። ለትርፍ የሚሠሩ የመድኅን ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን ልጅ ሲያስወጡ መኖራቸው ከዚሁ የመነጨ ነበር፤ አሜሪካ እንኳ ኩባንያዎች ሕፃናትን ቀድሞ በነበረ ሕመም ምክንያት እንዳይከለክሉ በሕግ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እድርም ቢሆን፣ አገር የሚመካበት የመረዳጃ ሥርዓት ቢሆንም፣ ከዚህ ስሌት አያመልጥም፤ የእድርተኛው እኩል መዋጮ ፍትሐዊ የሚሆነው ሞት የማይደርስበት ቤት ስለሌለ ነው፣ ሽባ ልጅ ግን በየቤቱ ተራ ጠብቆ አይመጣም። የመድኅን ሊቃውንት በሽተኛ ያለበት ቤት ብቻ እየገባ ጤነኛው ሲቀር ፈንዱ ይከስራል ብለው ይሰጋሉ፤ ስጋታቸው ከሒሳብ አንጻር ትክክል ነው፤ ነገር ግን በዚህ ቋንቋ መዋጮውን አንድም ዓመት ሳያጓድል የሚያሳድሰው የታመመ ልጅ አባት የሥርዓቱ ሥጋት ሆኖ መቅረቡ ሊታለፍ የሚገባው ነገር አይደለም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ግን ሲመዘግብ በቤት ውስጥ ያለውን ሕመም አይመረምርም፣ በሕመም ብዛትም መዋጮ አይጨምርም። ይህም ማለት ከመድኅን አመክንዮ አልፎ ሄዷል፤ ነገ እኔም እቀበላለሁ በሚል ልውውጥ ብቻ ሊቆም የማይችል ግዴታ ተቀብሏል። የዚህ ግዴታ መሠረት ምን እንደሆነ ግን አዋጅም ሆነ መመሪያ አይናገርም። ምናልባትም መመሪያ ሊናገረው የሚችል ነገር አይደለም፤ መሠረቱ መፈለግ ያለበት ሰዎቹ ስለ አባልነት ባላቸው ጥንታዊ እምነት ውስጥ ነውና።

በዚህ አገር ወንድ ሕፃን በ40 ቀኑ፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ፤ በዚያው ዕለትም ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ። ከሕፃኑ እምነት አይጠየቅም፣ መረዳቱ አይፈተንም፣ ወደፊት ለደብሩ ምን እንደሚጠቅም አይታሰብም፤ የክርስትና አባት ወይም እናት ስለ እሱ ይመልሳሉ። ሌሎች የክርስትና ወገኖች ቁርባንን ለሚያስተውል ዕድሜ ሲያቆዩት፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለአራስ መስጠቷ ያለ ትርጉም አይደለም፤ አባልነት ከችሎታ ይቀድማል ማለት ነው። ይህ ከሆነ አእምሮው ፈጽሞ የማይዳብር ልጅም አባልነቱ ከሌላው የሚያንስበት አንዳች ምክንያት የለም፤ ሌላውም በ40 ቀኑ የገባው በችሎታው አልነበረምና። መዋጮ ያላዋጣ፣ ምናልባትም ዕድሜውን ሙሉ የማያዋጣ ሕፃን በጋራ ገንዘብ የመታከም መብት አለው የሚለው አስተሳሰብ ከውጭ የመጣ እንግዳ ትምህርት እንደሆነ ተደርጎ ሲነገር፣ ይህ ሥርዓት በየደብሩ ሲፈጸም መኖሩ ይዘነጋል።

በተግባር የሚታየው ግን ሌላ ነው። በዚያው በዮሐንስ ወንጌል ዘጠነኛ ምዕራፍ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ የኃጢአተኛውን ማንነት ሲጠይቁ፣ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ለሚለው የተሰጠው መልስ ሁለቱንም ነፃ ያወጣል፤ ይሁንና ጥያቄው ከመንደር አልጠፋም። እርግማን ነው፣ የአባት በደል ነው፣ ዛር ነው፣ ዓይን ነው የሚሉ ማብራሪያዎች ልጁን ከሰው ዓይን እንዲሰወር ያደርጋሉ፤ አንድ እግራቸው የተቆረጠውን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል እየተሳለመ የሚኖር ሕዝብ፣ እግሩ የማይሄድ ልጁን ከእንግዳ መሸሸጉ ጠለቅ ያለ ስብከት የሚያስፈልገው ተቃርኖ ነው። ተሸሽጎ የሚያድግ ልጅ ስሙ በቤተሰቡ የመድኅን ደብተር ላይ ቢሰፍር እንኳ ጤና ጣቢያ አይደርስም። ጸበል የሚወሰደውስ ለምን ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል ለሚለው፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ አድርጋ የምትቀበለው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምንም መድኃኒትንም የእግዚአብሔር ሥራ አድርጎ ማክበሩ በቂ መልስ ነው።

አካባቢው ግን ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ቦታ የሰጠበት ታሪክም አለው። ጋይንት በቤተልሔም የድጓ፣ በዙራምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤቶች የታወቀ የትምህርት አገር ነው፤ በቃል ጥናት ላይ የቆመው ይህ ትምህርት ዐይነ ሥውሩን ልጅ ከዐይናማው ጋር እኩል ሊያስቀምጠው ስለቻለ፣ ከዐይነ ሥውራን መካከል ለየኔታነት የበቁ ሊቃውንት ወጥተዋል። ትምህርት ቤቱ ለልጁ ያዋለለት ርኅራኄ ሳይሆን ሙያ ነበር። ቦታው ግን ጆሮና ትዝታ ላለው ልጅ የተከፈተ እንጂ ለደንቆሮው ወይም ለዘገምተኛው አልነበረም፤ እነዚህ የደረሳቸው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ደጃፍ ነው።

በዚያ ደጃፍ የሚሰጠው ምጽዋት ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተሰናድቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ምጽዋት በስፋት ያስተምራል፤ የሚመጸውተውም ነፍሱን እየዋጀ እንደሆነ ሕዝቡ ያምናል። የዚህን እምነት ኃይል ማቃለል አይገባም፤ መንግሥትም መድኅንም ባልነበረበት ዘመን ብዙ ነፍስ ያቆየ ነው። ጉድለቱ መለኪያው ከሰጪው በኩል መሆኑ ነው፤ ሰጪው በበዓሉ ቀን በአቅሙ ሰጥቶ ግዴታውን ይፈጽማል፣ የሰጠው የልጁን የወር መድኃኒት ይግዛ አይግዛ ግን የምጽዋቱ ጥያቄ አይሆንም። በእስቴም በደብረ ታቦርም ከክርስቲያኑ ጋር የሚኖረው ሙስሊም በዚህ ረገድ ጠንከር ያለ ትምህርት አለው፤ ዘካ በሀብት ላይ ተሰልቶ የሚወጣ፣ የሰጪው ቸርነት ሳይሆን የችግረኛው ድርሻ ተደርጎ የሚታይ ነውና፤ ለማን እንደሚሰጥም ወገኖቹ ተለይተው ታውቀዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ሁሉ ጥልቁ ሳይሆን አይቀርም የሚባለው የሜምፊቦስቴ ነው። ሁለት እግሮቹ ሽባ የሆኑበት ይህ የዮናታን ልጅ በዳዊት ማዕድ ሲቀመጥ፣ የተጠራው ለጥቅሙ ሳይሆን ዳዊት ከአባቱ ጋር ስለ ነበረው ኪዳን ነው። ሰባኪዎች ማዕዱን ሲያነሡ የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፤ ንጉሡ በማዕዱ ብቻ ሳይወሰን የሳኦልን ርስት መልሶ፣ 15 ልጆችና 20 አገልጋዮች የነበሩት ሲባ መሬቱን እያረሰ ፍሬውን እንዲያገባለት አዘዘ። በዛሬው አነጋገር ቋሚ የገቢ ምንጭ ተመደበለት። ግን ደግሞ በኋላ ሲባ በሐሜት ንጉሡን ባሳመነ ጊዜ ርስቱ በአንድ ቃል ተወሰደ፣ ሜምፊቦስቴ ራሱን ሲከላከልም የተመለሰለት ከፊሉ ብቻ ነው። በአንድ ሰው ሞገስ ላይ የተንጠለጠለ ድጋፍ፣ ሰጪው ዳዊትን ያህል ሰው ቢሆንም እንኳ፣ በአንድ ወሬ ይናጋል።

ይህ አደጋ ለኢትዮጵያ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1981 ዓ.ም. በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የተነሣው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ማዕከሉን ከፍቶ ብዙ ሕፃናትን አድኗል፤ ሥራው ግን የቆመው በለጋሾችና ከባሕር ማዶ በሚመጡ የበጎ ፈቃድ ሐኪሞች ላይ በመሆኑ የተራ ጥበቃው ዝርዝር ረጅም ነው። የልብን በር የሚያበላሸውን የሩማቲክ ሕመም ዳግም እንዳይነሣ የሚከላከለው በየሦስት በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ ፔኒሲሊን በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሰጥ የሚችል ርካሽ መድኃኒት ሆኖ ሳለ፣ ልጁ መርፌው አምልጦት ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ተራ ይጠብቃል። ለለጋሽ ዓይን የሚታየው ቀዶ ሕክምናው እንጂ ለዓመታት ያለ ማቋረጥ የተወጋው መርፌ አይደለም።

በመንግሥት በኩልስ ሀብት ውስን ሲሆን ማን ይቅደም? በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የተከለሰው የኢትዮጵያ መሠረታዊ የጤና አገልግሎቶች ፓኬጅ 1,018 ሕክምናዎችንና ክንውኖችን ሲዘረዝር፣ ከመመዘኛዎቹ መካከል የበሽታው ጫና፣ በወጣው ገንዘብ ልክ የሚገኘው ጥቅም፣ ፍትሐዊነትና ቤተሰብን ከድህነት የመጠበቅ አቅም ይገኙበታል። ጥቅሙ የሚለካው በሕክምናው ምክንያት በተገኙ ጤናማ ዓመታት ቁጥር ነው። መለኪያው ለክትባት ተገቢ ፍርድ ሲሰጥ፣ ታክሞም ሙሉ ጤነኛ የማይሆነውን ልጅ ግን ይበድላል፤ የእሱ አንድ ዓመት ከጤነኛው አንድ ዓመት ያነሰ ሆኖ ይቆጠራልና፣ ጉዳቱ እንደገና በራሱ ላይ ይፈርድበታል። ይህ የቤተ ሳይዳ ሥርዓት በቁጥር ተጽፎ ነው። ፍትሐዊነት ከመመዘኛዎቹ አንዱ ተደርጎ መግባቱ ይህን ለማረም ታስቦ ቢሆንም፣ ከሌሎቹ ጋር በሚዛን የሚቀመጥ እንጂ ሌሎቹን የሚያስቆም አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጹ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞችና ወላጅ ላጡ ልጆች ማቋቋሚያና ድጋፍ እንዲመድብ ሲያዝ፣ አቅም በፈቀደ መጠን የሚል ገደብ አኑሮበታል፤ ገደቡ እውነታን ያከበረ ነው፣ ዳሩ ግን አቅሙ መጀመሪያ ለማን እንደሚፈቅድ ሳይናገር ያልፋል።

ለዚህ ጥያቄ ቆላው የራሱ የሆነ፣ በጽሑፍ ያልሰፈረ መልስ አለው፤ እሱም ቃሬዛ ነው። ሕመምተኛ ሲነሣ የመንደሩ ወንዶች ከእንጨትና ከጠፍር በተሠራ አልጋ ተሸክመውት በየተራ እየተቀባበሉ ጤና ጣቢያ ወይም መኪና የሚቆምበት ድረስ ያወጡታል፤ የቀረ ሰው በእድሩ ይወቀሳል ወይም ይቀጣል። የትኛው ቤት ስንት ጊዜ ተሸከመ፣ ስንት ጊዜ አሸከመ ተብሎ ሒሳብ አይያዝም፤ በየዓመቱ የሚታመመው ቤት ከፈንዱ ብዙ ወሰደ አይባልም። ቃሬዛው የሚያደርሰው ግን በሞትና በሕይወት መካከል ላለ ሰው ነው። በየሳምንቱ ጀሶ የሚቀየርለት ሕፃን፣ በየወሩ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ፣ የሰውነት ማፍታቻ ሕክምና የሚያስፈልገው ሽባ ልጅ ቃሬዛ አይወጣለትም፤ ሕመሙ አጣዳፊ አይደለምና እናቱ አዝላው ትሄዳለች፣ ክብደቱ ለጀርባዋ ሲያስቸግር ደግሞ ጉዞው ይቀራል።

የመድኅኑ ደብተር ያለበት ዋናው ክፍተትም ይኸው ነው። መጓጓዣን አይሸፍንም፤ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ ከግል መድኃኒት ቤት የሚገዛው ቤተሰቡ ነው፤ የመስሚያ መሣሪያ፣ ልዩ ጫማ፣ የንግግር ሕክምና በወረዳ ከተማ ስለማይገኙ መብቱ በወረቀት ይቀራል። ከመንገድ ዳር ያለው አባል በተመሳሳይ መዋጮ ዓመቱን ሙሉ ሲታከም፣ የቆላው አባል ሳይደርስበት ዓመቱ ያልቃል፤ ስለዚህ ያልተጠቀመው የሩቁ ሰው መዋጮ የቅርቡን ሰው ሕክምና ይደጉማል። በየወረዳው ጠቅላላ ጉባኤ መዋጮ ሲከለስ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ሕፃን የመጓጓዣና የአስታማሚ ወጪ ከጋራ ፈንዱ ወይም ከሴፍቲኔቱ ቀጥታ ድጋፍ እንዲታሰብ መወያየት ለፈንዱ የሚያሰጋ ሊመስል ይችላል፤ የእነዚህ ቤቶች ቁጥር ግን በአንድ ቀበሌ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በስም የምታውቃቸውን ያህል ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ደግሞ በጸጥታ የሚያልፍ አንድ ድንጋጌ አለ። በመድኅኑ አሠራር ልጅ በወላጆቹ መዋጮ የሚታከመው 18 ዓመት እስኪሞላው ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ተጨማሪ አባል ተቆጥሮ ለብቻው ይታሰብበታል። ጎጆ ለሚወጣው፣ የራሱን ማሳ ለሚይዘው ወይም ለሥራ ወደ ከተማ ለሚሄደው ጎረምሳ ይህ ተገቢ ነው። ጎጆ ለማይወጣው ልጅ ግን ጭማሪውን የሚከፍለው ያው እያረጀ ያለው አባት ይሆናል፤ አባትየው ሲሞት ደግሞ ልጁ በ40 ቀኑ ያገኘው ስም ከድሃ ድሃ ዝርዝር ውስጥ ይግባ አይግባ በቀበሌው ኮሚቴ ፊት እንደ አዲስ ይጠየቃል፤ ኮሚቴው በሚቀመጥበት ቀን ስለ እሱ ቆሞ የሚናገር ሰው ያስፈልገዋል።